አረቄ የሚጠጣ ፈረስ

የአረቄ ሽታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰኝ አያቴን ነው። ጌሾውንና ብቅሉን ደፍድፋ፣ የእንስራውን አፍ በጭቃ ለስና፣ ጠብታው በመቃው ጫፍ እስኪመጣ ድረስ በጢሱ መካከል ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር። ጠብታው ሲመጣ ጥቂት በጣቷ አንሥታ ወደ ምድጃው ትረጫለች። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ካለ ፊቷ ይፈታል፤ ካላለ «ውሃ ነው» ብላ መልሳ ታወጣዋለች። በዚያ ውሃ በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ እሳት መኖሩን በቤታችን የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

ያ ሽታ ከአርባ ዓመት በኋላ ባላሰብሁት ቦታ ጠበቀኝ። ባለፈው ጥር እኅቴን ልጠይቅ ወደ ሚኒሶታ ሄጄ ነበር። ከራት በኋላ ልጇ ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራ ሰምቼ ወረድሁ። በሩን ስከፍተው ከቤንዚኑ ሽታ ሥር የአያቴ ጎጆ ሽታ ተቀበለኝ። ልጁ ቁጥር የተሠመረበት የመስታወት ቱቦ ይዞ ጎንበስ ብሏል። «ጋሼ፣ ይቺን መብራት ይያዙልኝ» አለኝ። ያዝሁለት። ቱቦው ውስጥ እስከ 10 ቁጥር ውሃ ጨመረ፤ እስከ 100 ድረስ ደግሞ ከነዳጅ ማደያ የቀዳውን ሞላበት፤ አፉን ይዞ ናጠውና አቆመው። ነዳጁ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አልኮሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ወረደ፤ ቤንዚኑ ብቻውን ከላይ ቀረ። የታችኛው ፈሳሽ ከ10 ተነሥቶ 68 ላይ ቆመ። ልጁ በወረቀት አስልቶ «ከመቶ 64» አለ።

በአሜሪካ ኢ85 የሚባለው ነዳጅ ስሙ እንደሚለው ሁልጊዜ ከመቶ 85 እጁ አልኮል አይደለም። አልኮል በብርድ ጊዜ በቀላሉ ስለማይተን ሞተር አላስነሣ ይላል፤ ስለዚህ በበረዶ ወራት ቤንዚኑን ያበዙበታል፤ አልኮሉ እስከ 51 ከመቶ ሊወርድ ይፈቀድለታል። ልጁ ይህን ሳያጣራ አንድ ጊዜ በግምት ቀላቅሎ፣ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተጣለበት ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ሰምቶ ደንግጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይለካ አይቀዳም። አያቴም ሳትለካ አትሸጥም ነበር።

መኪናይቱ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ከውጭ ሲያዩአት አስቤዛ ከማመላለስ በቀር ሌላ ሐሳብ የሌላት የምትመስል ትንሽ መኪና ናት። የመጀመሪያዋ ጂቲአይ ከቮልስዋገን ፋብሪካ በ1976 ስትወጣ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) 110 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ለክብደቷ ያ ብዙ ነበር። የልጁ መኪና ግን ባለ 2 ሊትር ሞተርና ባለ ቱርቦ ናት። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ በከንቱ እንዳይባክን አንዲት ትንሽ መዘውር አዙሮ፣ መዘውሯ በበኩሏ ንጹሕ አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ እንድታስገባ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ሐሳቡን የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢውኪ በ1905 አስመዝግቦታል። አየር በበዛ ቁጥር ነዳጅ መጨመር ይቻላል፤ ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር ጉልበት ይበዛል።

ልጁ የመኪናይቱን ኮምፒዩተር በሌላ ሥርዓት አስተካክሎታል። ኢ85ቱን ከጥሩ ቤንዚን ጋር ቀላቅሎ በታንከሩ ውስጥ 30 ከመቶ የሚሆን አልኮል እንዲኖር ያደርጋል። ለምን ሙሉውን አልኮል እንደማያደርገው ስጠይቀው፣ አልኮል በመጠን እጅግ ስለሚፈለግ የፋብሪካው የነዳጅ ፓምፕ እንደማይችለው ነገረኝ። ጎማዎቹን በከበሮ ላይ እያሽከረከረ ጉልበት በሚለካው መሣሪያ ላይ ሲያወጣት በቤንዚን ብቻ 262 የነበረው በቅልቅሉ 291 ሆኗል። ወረቀቱን እንደ ትምህርት ቤት ካርድ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። «ይሄ አሁን የመጣ ነገር ነው ጋሼ፤ ድሮ ማንም አያውቀውም ነበር» አለኝ።

አልተከራከርሁትም። ነገር ግን ያ 30 ከመቶ የሚለው ቁጥር አንድ ቦታ ያነበብሁት መሰለኝ፤ እስክመለስም ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍቴን ሳገላብጥ አገኘሁት። ልጁ «አዲስ» ያለው ቅልቅል ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው በአሜሪካ ምድር፣ በዚያው መጠን፣ ለዚያው ዓላማ በመኪና ተነድቶበታል። የነዳበትም ሰው እንግዳ ሰው አይደለም፤ ዓለምን በእርሳስ የመረዘው ቶማስ ሚጅሊ ነው።

ይህን ለመረዳት ያን የጠጠር ድምፅ ማወቅ ያስፈልጋል። በጤናማ ሞተር ውስጥ ካንዴላው ብልጭ ሲል እሳቱ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ሣር ቃጠሎ ወደ ዳር ይዘልቃል፤ ፒስቶኑንም በእርጋታ ወደ ታች ይገፋል። አየሩና ነዳጁ ከመጠን በላይ ተጨምቀው ሲሞቁ ግን እሳቱ ገና ያልደረሰበት ጥግ ራሱን ችሎ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። መካኒኮቻችን «ሞተሩ ያንኳኳል» የሚሉት ይህን ነው። ቢቆይ ፒስቶን ይሰብራል። የሞተር ሠሪዎች ፈተና እንግዲህ ይህ ነበር፤ ጉልበትን የሚያመጣው መጨመቅ ነው፣ መጨመቁ ደግሞ ማንኳኳትን ይጠራል።

አልኮል ለዚህ ደዌ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒትነቱም ከድክመቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። በክብደት ሲመዘን በውስጡ ያለው ሙቀት የቤንዚኑን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ብዙ ይጠጣል፤ የልጁም መኪና በአንድ ታንከር የምትሄደው መንገድ አጥሯል። ነገር ግን አንድ ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲሻ አልኮል 9 ኪሎ ይበቃዋል፤ በዚያው አየር ውስጥ አብዝቶ መጨመር ይቻላል ማለት ነው። ሲተን ደግሞ ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ የሆነ ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳልና ቱርቦው ያጋለውን አየር ያቀዘቅዘዋል። ከሁሉ በላይ በራሱ ጊዜ አይፈነዳም፤ ካንዴላውን ይጠብቃል። እንግሊዛዊው ሃሪ ሪካርዶ በ1920ዎቹ መባቻ፣ እየሠራ ሳለ የመጨመቅ ልኩ የሚለዋወጥ ሞተር ሠርቶ ነዳጆችን አንድ በአንድ ሲፈትን፣ አልኮል ሌሎቹ ከሚያንኳኩበት ልክ አልፎ በጸጥታ እንደሚሠራ አይቷል።

አልኮል ለሞተር እንግዳ አልነበረም። አሜሪካዊው ሳሙኤል ሞሬይ በ1826 ያሳየው ሞተር አልኮልና ተርፔንታይን ይጠጣ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በአልኮል ላይ የተጣለው ግብር ከገበያ አስወጣው፤ ለፋብሪካና ለሞተር የሚውለው ከዚያ ግብር ነጻ የወጣው በ1906 በወጣ ሕግ ነው። በ1920 ደግሞ መጠጥ የሚከለክለው ሕግ መጣና አልኮልን እንደገና ተጠርጣሪ አደረገው። ሰካራምና ሞተር በአንድ ሕግ ተዳኙ ማለት ነው።

ወደ ሚጅሊ ልመለስ። ሚጅሊ በትምህርቱ የመካኒክ መሐንዲስ ነበር፤ ኬሚስት አልነበረም። አለቃው ቻርልስ ኬተሪንግ ማንኳኳትን የሚያስቀር ነገር እንዲፈልግ በ1916 አዘዘው። ሁለቱ ሰዎች አንድ የዋህ ሐሳብ ነበራቸው። በበረዶ ውስጥ ቀድማ የምታብብ፣ የቅጠሏ ጀርባ ቀይ የሆነ አንዲት የዱር ተክል አለች፤ ቀይ ቀለም ሙቀት ስለሚስብ ይሆናል ቀድማ የምታብበው፣ እንግዲያው ቤንዚኑንም ቀይ ብናደርገው አሉ። በዕቃ ቤቱ ቀይ ቀለም ታጣና ጠባቂው አዮዲን ሰጠ። ማንኳኳቱ ቆመ! ቀጥሎ እውነተኛ ቀይ ቀለም ሲሞክሩ አንዳች ለውጥ አልመጣም። በስሕተት መንገድ ሄደው እውነት ላይ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ያልሞከሩት የለም፤ የቀለጠ ቅቤ እንኳ ሞክረዋል። ቴሉሪየም የተባለው ማዕድን ሠርቶላቸው ነበር፤ ነገር ግን ሽታው የነጭ ሽንኩርት ሆኖ ከሰውነታቸውና ከልብሳቸው አልለቅ ስላላቸው ተዉት።

አልኮልንም ያውቁት ነበር። ሚጅሊ የአልኮልና የቤንዚን ቅልቅልን በስሙ ለማስመዝገብ በ1920 ማመልከቻ አስገብቷል። በጥቅምት 1921 በተዘጋጀው የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ለመገኘት ከዴይተን ወደ ኢንዲያናፖሊስ የተጓዘው፣ ብዙ በሚጨምቅ ሞተር መኪና፣ 30 ከመቶ አልኮል የተቀላቀለበት ነዳጅ ሞልቶ ነው። ሠላሳ ከመቶ! የእኅቴ ልጅ በብርድ ቆሞ በመስታወት ቱቦ የሚፈልጋት ያቺው ልክ። መኪናዋ አላንኳኳችም።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1921፣ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለውን የእርሳስ ውሁድ ሞከሩ። (ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የተረፈው። እዚህ የምለው እውነተኛውን፣ የጥይቱን እርሳስ ነው።) የአልኮሉ ቅልቅል የታንከሩን ሲሶ ያህል ሲጠይቅ፣ ይህ በጋሎን 3 ሚሊ ሊትር ያህል ጠብታ በቃው። በየካቲት 1923 በዴይተን ከተማ ለሕዝብ ተሸጠ። የንግድ ስሙ «ኤቲል» ተባለ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። በነሐሴ 1924 ጄኔራል ሞተርስና የኒው ጀርዚው ስታንዳርድ ኦይል ኤቲል የተባለውን ኩባንያ በጋራ አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ፤ ፍርዴም ሚዛናዊ ይሆን ዘንድ የእነርሱንም ምክንያት አስቀድማለሁ። ያን ያህል አልኮል ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከንቱ አልነበረም፤ እህል ይፈልጋል፣ መሬት ይፈልጋል። አልኮል ውድም ነበር። ሆኖም አንድ ያልተጻፈ ሌላ ምክንያት ከሥር ይታየኛል። አልኮልን ማንም ገበሬ ሊያወጣው ይችላል፤ አያቴም ታወጣዋለች። እርሳሱን ግን የፈጠራ መብቱን ከያዘው ኩባንያ በቀር ማንም አይሸጠውም። በየጋሎኑ ላይ ሳንቲም የሚለቀመው ከዚህኛው ነው። እነዚህ ሰዎች ከሁለት መድኃኒቶች መካከል የተሻለውን ሳይሆን የራሳቸው የሆነውን መረጡ ብል የምበድላቸው አይመስለኝም።

መርዝነቱ ያልታወቀ ነበር እንዳይባል፣ እርሳስ ሰውን እንደሚያሳብድ ከጥንት ይታወቃል። ሚጅሊ ራሱ በ1923 መጀመሪያ በእርሳስ ተመርዞ ለማገገም ወደ ሞቃቱ ፍሎሪዳ ሄዷል። ውሁዱ በሚመረትበት በኒው ጀርዚ በዱፖንት ፋብሪካ ሠራተኞቹ በሌሉ ነፍሳት ላይ እጃቸውን ስለሚያወናጭፉ ሕንፃው «የቢራቢሮ ቤት» ተባለ። በጥቅምት 1924 እዚያው ኒው ጀርዚ፣ በቤይዌይ፣ አምስት ሠራተኞች አብደው ሞቱ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ታመሙ። በዚያ ወር ማለቂያ ሚጅሊ ጋዜጠኞች ሰብስቦ በፈሳሹ እጁን ታጠበ፤ ለአንድ ደቂቃም አሸተተው። ምንም አይደለም ለማለት ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት በዚሁ ነገር ታምሞ ከሥራ የቀረ ሰው!

ግንቦት 20 ቀን 1925 በዋሽንግተን ስብሰባ ተጠራ። የየሉ ያንዴል ሄንደርሰንና በሃርቫርድ የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት አሊስ ሃሚልተን ተቃወሙ፤ በየመንገዱ የሚበተን እርሳስ ቀስ ብሎ ሕዝብ ይመርዛል አሉ። የስታንዳርድ ኦይሉ ፍራንክ ሃዋርድ ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ የሚመስል ነገር ነውና እንዴት እንተወዋለን አለ። በዚያው ዓመት ሚጅሊ፣ ሳይንስ እስካሁን የሚያውቀው ይህን ሥራ የሚሠራ ነገር ቴትራኤቲል ሌድ ብቻ ነው ሲል ተናገረ። ከአራት ዓመት በፊት ወደ ኢንዲያናፖሊስ ምን ሞልቶ እንደነዳ ያልረሳው አይመስለኝም። በ1926 መጀመሪያ የመንግሥቱ ኮሚቴ ለመከልከል በቂ ምክንያት አላገኘሁም አለ፤ ሽያጩም ቀጠለ። ሄንሪ ፎርድ በ1925 የወደፊቱ ነዳጅ ከፍሬ፣ ከአረምና ከሰጋቱራ ይወጣል ብሎ ለጋዜጣ ሲናገር ሰሚ አላገኘም።

እዚህ ላይ የእኔ ታሪክ ይገባል። አባቴ በአዲስ አበባ የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ሴይቼንቶ የምንላትን ትንሿን ፊያት ይነዳ ነበር። ቤንዚን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲገለብጥ ጎማውን በአፉ ይስበዋል፤ አንዳንዴ ይውጠዋል። ከዚያ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ይስቃል። ጀሪካኑን የምይዝለት እኔ ነበርሁ። ማታ ሲገባ ሸሚዙ ላይ ያለውን የቤንዚን ሽታ እወደው ነበር፤ የአባቴ ሽታ እርሱ ነበርና። ያ ቤንዚን እርሳስ ነበረበት። በአገራችን እርሳስ ያለው ቤንዚን እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ድረስ ተሸጧል፤ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በጠቅላላው የተገላገለው ወደ 2006 መግቢያ ላይ ነው። አባቴ በሽምግልናው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቶሎ ይቆጣም ነበር። የእርሳሱ ሥራ ይሁን የእርጅና፣ የድህነት ይሁን የመንገዱ ጣጣ፣ ማንም ለክቶት አያውቅም። ለእርሱ የመስታወት ቱቦ የያዘ ሰው አልነበረም።

የለካው ሌላ ሰው ነው። ክሌር ፓተርሰን የመሬትን ዕድሜ ከእርሳስ አስልቶ 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን በ1956 ያወጀ ሳይንቲስት ነው። በምርምሩ ጊዜ የነካው ዕቃ ሁሉ፣ አቧራው ሳይቀር፣ እርሳስ ስለሆነበት ከየት መጣ ብሎ ተነሣ። ከመኪና ጢስ መሆኑን በ1965 ጻፈ። አሜሪካ ራስዋ ለመንገድ መኪኖች ፈጽማ የከለከለችው በ1996 ነው። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስትሆን ጊዜው 2021 ነበር። ሚጅሊ ይህን አላየም፤ በፖሊዮ ሽባ ሆኖ ከአልጋው ለመነሣት በሠራው የገመድ መዘውር ተጠልፎ በ1944 ሞቷል።

አልኮልን ከተጣለበት ያነሣው የነዳጅ ውድነት ነው እንጂ የእርሳሱ ነገር አይደለም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ብራዚል በኅዳር 1975 ፕሮአልኮል የተባለውን መርሐ ግብር አወጀች። በ1979 አልኮል ብቻ የሚጠጣ የፋብሪካ መኪና ወጣ፤ ፊያት 147 ነው፣ የአባቴ ሴይቼንቶ ታናሽ እኅት። ብራዚላውያን ከሸንኮራ የሚወጣ አረቄያቸውን «ካሻሳ» ይሉታልና መኪናዋን «ካሻሲንያ» አሏት፤ አረቄዬዋ እንደማለት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ አልኮል ጠጪዎች ሆኑ። በ1989 ደግሞ አልኮሉ ጠፍቶ ባለ መኪናው ተጉላላ፤ ከዚያ በኋላ ገበያው ያገገመው ሁለቱንም የሚጠጡ መኪኖች በ2003 ሲመጡ ነው።

ቱርቦና አልኮልን በፋብሪካ ደረጃ አገናኝተው ምሥጢሩን ለሕዝብ ያሳዩት ስዊድኖች ይመስሉኛል። በ2005 የወጣው ሳዓብ 9-5 ባዮፓወር በቤንዚን 150፣ በኢ85 ደግሞ 180 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ሞተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠጡ ነው። የልጁ ጋራዥ ከዚያ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በእኛም አገር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የወጣ አልኮል በ2008 ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር 5 ከመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 ከመቶ ተቀላቅሎ ነበር። እርሳሱ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው፤ አባቴ ግን በዚያ ጊዜ መንዳት ትቷል።

አልኮልን ቅዱስ ማድረጌ አይደለም። በአሜሪካ ከሚመረተው በቆሎ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ለዚህ አልኮል ይሄዳል፤ ረኀብ ከሚያውቅ አገር ለመጣሁት ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አያቴም በእህል ውድ ዓመት አረቄ አታወጣም ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጁ በስልክ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ስለ ሠላሳ ከመቶው ስነግረው ግን «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው? በ1921?» አለ። ከዚያ ሞተሩ ስንት ይጨምቅ እንደነበር፣ ካንዴላው መቼ እንደሚበራ፣ ጉልበቱ ስንት እንደነበር ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። ቅር አለው።

በሚያዝያ እንደገና ሄድሁ። በረዶው ቀልጧል። ቱቦውን ናጠና ወደ ብርሃን አነሣው፤ ከመቶ 78 ሆኗል። የቱቦውን ቤንዚን ወደ ቆርቆሮ ገልብጦ የታችኛውን ፈሳሽ ሊደፋ ሲል «ቆይ» አልሁት። ከጋራዡ ራቅ ብለን በደረቀ ድንጋይ ላይ ጥቂት አፈሰስንና ክብሪት ጫርሁ። ጫፉ ላይ ቢጫ ቢልም ሥሩ ሰማያዊ ነበር። ልጁ ሳቀብኝና ቁጥሩን በወረቀቱ ላይ ሊጽፍ ተመልሶ ገባ።